በመስከረም የሰበሰብናቸውን ነፍሳት በምን እንለያቸው?

ጥያቄ፦ የአዘዞ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ከተማ፣ በአዘዞ በኩል፣ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሳይንስ አስተምራለሁ። መስከረም አጋማሽ ላይ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ ተማሪዎቼን ይዤ ከትምህርት ቤታችን በታች ወዳለው ጅረት ወረድንና በክብሪት ቀፎ፣ በመድኃኒት ብልቃጥና በላስቲክ 43 ነፍሳት ሰብስበን ተመለስን። መሰብሰቡ ቀላል ነበር፤ ጭንቁ የመጣው መመደቡ ላይ ነው።

ልጆቹ በራሳቸው እንዲመድቡ ፈቀድሁላቸውና ሦስት ዓይነት አመዳደብ ይዘው መጡ። አንዱ ቡድን በቀለም ለየ፤ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ሁሉ «ንብ» ተብሎ አንድ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ቡድን የሚበርና የማይበር ብሎ ከፈለ፤ በዚህም ጉንዳን ከቁንጫ ጋር ተጎራበተ። ሦስተኛው ደግሞ የሚጠቅምና የሚጎዳ አለ፤ የገበሬ ልጆች የሚበዙበት ቡድን ስለሆነ ምክንያታቸውን አጥርተው ሲያስረዱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቢራቢሮ ላይ ሲደርሱ እርስ በርሳቸው መስማማት አቃታቸው። አበባ ታዳቅላለች ያለውም፣ ልጇ ጎመናችንን ትጨርሳለች ያለውም እውነቱን ነውና።

ችግሩን ያባሰው ከገበያ ተገዝቶ በክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ ሥዕል ሰሌዳ ነው። ሸረሪትንና መዥገርን «ነፍሳት» በሚል ርእስ ሥር ከንብና ከዝንብ ጋር ደርድሯቸዋል። እኔ እግር እያስቆጠርሁ ሳስተምር ልጆቹ ወደ ሰሌዳው እያመለከቱ ይሞግቱኝ ነበር። ሰሌዳውን አውርጄዋለሁ፤ በምትኩ የምሰቅለው ግን የለኝም።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህን ነው። ማይክሮስኮፕ የለንም፤ ያለን ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ አንድ የእጅ መነጽር ብቻ ነው። በዚህ መነጽር እየታገዘ አንድ የ13 ዓመት ልጅ የያዘው ፍጡር ከየትኛው ክፍለ መደብ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ማየት ያለበት የትኛውን የአካል ክፍል ነው? ትንሹ ዝንብ የትልቁ ዝንብ ልጅ ነው ወይስ ሌላ ዓይነት ነው? ደግሞም አንዲት ግራ ያጋባችን ናሙና አለች፤ ርዝመቷ የገብስ ፍሬ ያህል ሆኖ ቀጠን ያለች፣ ሩጫዋ እንደ ጉንዳን የሆነ፣ ራሷ ጥቁር፣ ደረቷ ብርቱካንማ፣ ወገቧ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ አጭር ሽፋን ያላት ናት። ሆዷ ከሽፋኑ ውጭ ተጋልጦ ይታያል። ልጆቹ እኩሌቶቹ ጉንዳን ናት፣ እኩሌቶቹ ክንፍ ያላበቀለች ግልገል ናት ይላሉ።

መልስ፦ የማራኪ ጡረተኛ

መምህርት፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ ለረጅም ዘመን በቤተ ሙከራ ውስጥ ለጤና ተማሪዎች ትንኝ፣ ዝንብ፣ ቁንጫና ቅማል በስላይድ ሳዘጋጅ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የተማሪዎችዎ ሙግት ከዚያው ከጥንቱ ሥራዬ መልሶ አስገባኝ።

ከሰሌዳው ልጀምር። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ነፍሳትን በሰባት ክፍለ መደብ ሲከፍል፣ ሸረሪትን፣ ጊንጥን፣ ሸርጣንን ሳይቀር «አፕቴራ»፣ ማለትም ክንፍ አልባ፣ ብሎ ከቁንጫና ከቅማል ጋር በአንድነት አስቀምጧቸው ነበር። ስሕተቱ የታረመው ከእርሱ በኋላ በመጡ ሊቃውንት ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን አይጣሉት፤ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያርሙት ይስጧቸው። ማረሚያውም የመማሪያ መጽሐፋችን «ሦስት አፅቄ» ከሚለው ስም ውስጥ አለ፤ ራስ፣ ደረትና ሆድ ተለይተው የሚታዩበት፣ ስድስቱም እግሮች ከደረቱ ላይ የበቀሉ፣ ራሱ ላይ አንድ ጥንድ አንቴና ያለው ነው። ሸረሪት ስምንት እግር አላት፤ አንቴና ግን የላትም። ልጆቹ እግር ብቻ ቆጥረው እንዳያልፉ አደራ፤ ከእንቁላሏ አዲስ የወጣች መዥገር ስድስት እግር ብቻ ስላላት ቆጣሪውን ታሳስታለች። አንቴና መፈለግ ከዚህ ስሕተት ያድናል።

ይህን በር ካለፉ በኋላ መመልከት ያለባቸው ክንፉን ነው። ቀለሙን ይተዉት፤ የተገኘበትን ቦታም ለጊዜው ይተዉት። የክፍለ መደቦቹ ስም ራሱ ይህን ይናገራል፤ «ፕቴራ» በግሪክ ክንፍ ማለት ነውና ዲፕቴራ ባለ ሁለት ክንፍ፣ ኮሊዮፕቴራ ባለ ሰገባ ክንፍ፣ ሌፒዶፕቴራ ባለ ቅርፊት ክንፍ፣ ሃይሜኖፕቴራ ባለ ስስ ክንፍ፣ ሄሚፕቴራ ባለ ግማሽ ክንፍ፣ ኦርቶፕቴራ ባለ ቀጥ ያለ ክንፍ ይሆናሉ። ልጆቹ እነዚህን ስድስት ስሞች ከነትርጉማቸው ከያዙ ከ43ቱ አብዛኞቹን ያለ እኔና ያለ እርስዎ እገዛ ይመድቧቸዋል።

ጥንዚዛን በመነጽር ሲያዩ የፊት ክንፎቿ ጠንክረው ሽፋን ሆነዋል፤ ሁለቱ ሽፋኖች ጀርባዋ መሐል ላይ እንደ ሁለት ተካፋች የቤተ ክርስቲያን በር ቀጥ ባለ መስመር ይገጥማሉ። የምትበርባቸው ስስ ክንፎች ከሽፋኑ ሥር ታጥፈው ተቀምጠዋል። ከምድር ነፍሳት ሁሉ በዓይነት የሚበዙት እነዚህ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ስም የተሰጣቸው ብቻ ከ350,000 ይበልጣሉ። ብዙ ጊዜ ከጥንዚዛ ጋር የሚምታቱት የሄሚፕቴራ ወገኖች ግን፣ ለምሳሌ የእጽዋት ፈሳሽ የሚመጥጡትና ሲነኳቸው የሚገሙት፣ በጀርባቸው ላይ ቀጥ ያለ መስመር የላቸውም። የፊት ክንፋቸው እስከ እኩሌታው እንደ ቆዳ የወፈረ፣ ከዚያ በኋላ የሳሳ ስለሆነ ጫፍና ጫፉ እንደ ነጠላ ይደራረባል፤ ከትከሻቸውም መሐል ሦስት ማዕዘን ይታያል። ካጠራጠራችሁ ገልብጡና አፉን እዩ። ጥንዚዛ የምታኝክበት መንጋጋ አላት፤ እነዚያ ደግሞ ከራሳቸው ሥር ወደ ኋላ የታጠፈ መርፌ መሰል መምጠጫ አላቸው። ትኋንም የዚሁ ወገን ነው፤ ክንፉ ቢጠፋም መምጠጫው ይመሰክርበታል።

የቢራቢሮና የእሳት እራት ነገር ቀላል ነው፤ ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፋቸው ቅርፊት ነው። ቢራቢሮ አንቴናዋ ጫፉ ላይ እንደ ክብሪት ራስ ያበጠ ነው፤ የእሳት እራት ግን እንደ ክር የቀጠነ ወይም እንደ ላባ የተበጠረ አንቴና አላት።

ዝንብንና ትንኝን ከሌሎች ነፍሳት ለመለየት ከክንፉ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጥንድ ክንፍ በነበረበት ቦታ የስፒል ራስ የሚመስሉ ሁለት ጉጦች አሉ፤ በበረራ ጊዜ እየተርገበገቡ ሚዛን የሚያስጠብቁት እነርሱ ናቸው። ትንኝን በሚመለከት ትንሽ ልቆይ፤ በአካባቢያችን የጤና ጉዳይ ነውና። የወባ ትንኝ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ራሷን ወደ ግድግዳው ደፍታ ጀርባዋን ሽቅብ ታነሣለች፤ ሌላዋ የቤት ትንኝ ሰውነቷን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጋ ትቀመጣለች። በመነጽር ሲታዩ ደግሞ የወባዋ እንስት ከመምጠጫዋ ግራና ቀኝ የመምጠጫዋን ያህል የሚረዝሙ ሁለት ዳሳሾች አሏት፤ የሌላዋ አጫጭር ናቸው። አንቴናው እንደ ላባ የተንጨበረረ ትንኝ ካገኛችሁ ወንድ ስለሆነ ደም አይጠጣም። መተማ በኩል ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ከዚሁ ከዲፕቴራ ናት፤ ከትንኝ የምታንስ፣ ጠጉራም፣ ስታርፍም ክንፎቿን እንደተዘረጋ መቀስ ወደ ላይ የምታቆም ናት።

ክንፍ ለሌላቸው ሁለት ቃል ልበል። ቁንጫ ከግራና ከቀኝ የተጨፈለቀ ስለሆነ በጠጉር መሐል ይሾልካል፤ ቅማል ደግሞ ከላይ ወደ ታች የተደፈጠጠ ነው።

መልስ፦ የወገራ ንብ አናቢ

እኅቴ፣ «ንብ» ተብሎ ስለተሞላው ሳጥን እኔ ልናገር። ቤታችን ከአባቴ ጀምሮ ንብ አልተለየውም፤ ባህላዊ ቀፎም ዘመናዊ ቀፎም አለኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከደርቡሽ ቃጠሎ ንብ እንዳዳነው እየሰሙ ያደጉ የጎንደር ልጆች ንብን ከዝንብ ለይተው ቢያውቁ ደስታዬ ወደር የለውም።

በመስከረም አደይ አበባ ላይ ከምታዩአቸው ባለ ቢጫ መስመሮች ብዙዎቹ ንብ ሳይሆኑ ንብ የሚመስሉ ዝንቦች ናቸው። አንዱን ለይታችሁ ተከታተሉት። ከአበባው በላይ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ከዚያም ድንገት ወደ ጎን ተወርውሮ እንደገና ቀጥ ብሎ ከቆመ ዝንብ ነው። ንብ አበባ ላይ አርፋ ትሠራለች፤ ሥራዋም ይታያል፤ በኋላ እግሮቿ ላይ የአበባ ዱቄቱን አጠራቅማ እንደ ቋጠሮ ትሸከመዋለች። ዝንቡ ቋጠሮ የለውም፤ አንቴናውም አጭር ጉቶ ነው። የንብ አንቴና ግን ረዘም ብሎ እንደ ክንድ መሐሉ ላይ ይታጠፋል።

ብዙ ሰው ዓይኑ ራሱን የሞላ ከሆነ ዝንብ ነው ይላል፤ በዚህ ብቻ አትፍረዱ። በቀፎ ውስጥ ያለው ድንጉላ፣ ማለትም ወንዱ ንብ፣ ዓይኖቹ ከአናቱ ላይ እስኪገናኙ ድረስ ትልልቅ ናቸው፤ መንደፊያም የለውም። ስለዚህ ጡረተኛው ወንድማችን እንዳሉት ክንፍ መቁጠር ይሻላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን የንብ አራት ክንፍ ሁለት መስሎ መታየቱ ነው፤ የኋላው ክንፍ ጥቃቅን መንጠቆዎች ስላሉት በበረራ ጊዜ ከፊተኛው ጋር ይያያዛል። የሞተውን ናሙና ክንፍ በስፒል ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ብታላቅቁት ሁለቱ ሲለያዩ ታያላችሁ፤ መንጠቆዎቹም በመነጽራችሁ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰልፈው ይታያሉ። ተርብም እንዲሁ ባለ አራት ክንፍ ናት፤ ወገቧ እንደ ክር የቀጠነ፣ ሰውነቷ ጠጉር ያነሰውና የሚያብለጨልጭ ሆኖ፣ በየቤቱ ጣሪያ ሥር የምትሠራዋ ተርብ ስታርፍ የፊት ክንፎቿን በርዝመታቸው አጥፋ ታጠባቸዋለች። ንብና ተርብ ከጉንዳን ጋር የአንድ ክፍለ መደብ ልጆች መሆናቸውን ለልጆቹ ንገሯቸው።

መልስ፦ የደምቢያ የግብርና ባለሙያ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ልጅና ስለ ጎልማሳ ለቀረበው ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ እንዳይታለፍ ብዬ ነው።

ነፍሳት ሙሉ ክንፍ ካወጡ በኋላ አያድጉም። ትንሹ ዝንብ ስለዚህ የማንም ልጅ አይደለም፤ ትንሽ ዓይነት ሆኖ የተፈጠረ ሙሉ ጎልማሳ ነው። የዝንብ ልጅ እበት ውስጥ የሚርመሰመሰው ነጭ ትል ነው። ዝንብ፣ ቢራቢሮ፣ ጥንዚዛና ንብ እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ እያሉ ስለሚለወጡ ልጅና እናት ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ፌንጣና አንበጣ ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እናታቸውን ይመስላሉ፤ የሚጎድላቸው ክንፍ ነው። ክንፍ ያላወጣውን የአንበጣ ልጅ አባቶቻችን ኩብኩባ ብለው ለብቻው ስም የሰጡት ያለ ነገር አይደለም። ኩብኩባውን በመነጽር ብታዩት ትከሻው ላይ እንደ እንቡጥ ያለች ትንሽ የክንፍ ጉጥ ታያላችሁ። ነገሩ ግን ተገልብጦ አይሠራም፤ ክንፍ የሌለው ሁሉ ልጅ አይደለም። ሠራተኛ ጉንዳን፣ ቅማል፣ ቁንጫና ትኋን ዕድሜያቸውን ሁሉ ያለ ክንፍ ይኖራሉ።

በቀለም መለየት እንዴት እንደሚያሳስት ከሥራዬ ልመስክር። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የበረሃ አንበጣ ወሎ ላይ በወረደ ጊዜ ለእርዳታ ሄጄ ነበር፤ ሐምራዊውና ቢጫው ሁለት የተለያየ አንበጣ ነው ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አጋጠሙኝ። ሁለቱም ያው አንድ ዝርያ ነው። ክንፍ አውጥቶ ለመራባት ያልደረሰው ሐምራዊ ይሆናል፤ ሲደርስ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ያን ጊዜ የኔን እጅ ይዞ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያየኝ አንድ አርሶ አደር ክንፋቸውን ዘርግቶ «አንድ ሸማ ናቸው» ያለኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ናሙና ካነሳችሁ ከጎተራም ፈልጉ። በበቆሎና በማሽላ ውስጥ ያለው ነቀዝ ጥንዚዛ ነው፤ ከራሱ ፊት እንደ ዝሆን ኩምቢ የረዘመ አፍንጫ አለው፤ መንጋጋው ያለው ከዚያ ጫፍ ላይ ነው። እዚህ ቆላ ድባ አካባቢ ሽምብራ የሚበሳው ደግሞ ኩምቢ የሌለው፣ ክብ ብሎ ያጠረ፣ ሽፋኑ የሆዱን ጫፍ የማይደርስ ሌላ ጥንዚዛ ነው። ገበሬው ሁለቱንም ነቀዝ ይላቸዋል፤ ልጆቹ ግን በመነጽር ይለዩአቸው።

ክረምት ሲገባ መብራት ላይ የሚፈላውን አሸንም አትርሱ። አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው፤ ክንፍ ካወጣ ጉንዳን ጋር ይምታታል። የአሸን አራቱ ክንፎች እኩል ናቸው፤ የጉንዳን የፊቶቹ ከኋላዎቹ ይበልጣሉ። አሸን ወገብ የለውም፣ አንቴናውም ቀጥ ብሎ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተሰካካ ነው፤ ጉንዳን ወገበ ቀጭን ነው፣ አንቴናውም እንደ ክርን ይታጠፋል። ምስጥን አይሶፕቴራ በተባለ በራሱ ክፍለ መደብ መድቡት።

መልስ፦ የባዮሎጂ ተማሪ፣ ቴዎድሮስ ግቢ

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ለእኔም ትምህርት ሆኖኛል፤ አንዲት ነገር ብቻ በትሕትና ላርም። ምስጥ ዛሬ በራሱ ክፍለ መደብ አይቆጠርም። በዘረ መል ሲመረመር ከበረሮ ቤተሰብ መሐል የበቀለ ሆኖ ስለተገኘ አሁን ከበረሮ ጋር ብላቶዲያ በሚባለው ክፍለ መደብ ውስጥ ገብቷል። መምህርት፣ ልጆቹ ምስጥን ወደ በረሮ ሳጥን ቢያስገቡት ትክክል ናቸው፤ አሮጌው ስም ግን በብዙ መጻሕፍት ላይ ስለሚገኝ ሁለቱንም ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

መልስ፦ የደምቢያ የግብርና ባለሙያ

እርማቱን በደስታ ተቀብያለሁ። እኔ የተማርሁበት ዘመን አይሶፕቴራ ይባል ነበር። ተባረክ ልጄ።

የአዘዞ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ንብ» የተባለው ሳጥን ውስጥ 9 ናሙናዎች ነበሩ፤ ዛሬ ክንፋቸውን ስንቆጥር 4ቱ ዝንብ፣ 3ቱ ንብ፣ አንዷ ተርብ፣ አንዷ ደግሞ ጀርባዋ ላይ መስመር ያላት ጥንዚዛ ሆና ተገኘች። የማራኪው አባታችን፣ ያቺን ባለ አጭር ሽፋን ግን አላነሧትም። ልጆቹ አሁንም እየተከራከሩባት ነው።

መልስ፦ የማራኪ ጡረተኛ

ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህርት፤ በትንኝ ወሬ ተወስጄ ዋናዋን አለፍኋት። በቅድሚያ ማንም ልጅ በባዶ እጁ እንዳይነካት፣ በተለይም ቆዳው ላይ እንዳይጨፈልቃት ያድርጉ። አገላለጽዎ ፔዴረስ ከሚባሉት ወገን ጋር ይገጥማል፤ እነርሱ አይነድፉም፣ አይነክሱም፤ ሲጨፈለቁ ግን በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ቁስሉም የሚወጣው ውሎ አድሮ ስለሆነ ሰው ምክንያቱን አያውቀውም። የነካት ልጅ ካለ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ዓይኑንም አይሽ።

ጉንዳን አይደለችም፤ አንቴናዋን እዩት፣ ክርን የለውም። ግልገልም አይደለችም። ጓንት አድርገው አልኮል ውስጥ ካቆዩአት በኋላ ወረቀት ላይ ያስተኟትና ያንን አጭር ሽፋን በስፒል ጫፍ ከጎኑ ያንሡት። ሁለቱ ሽፋኖች ቀጥ ባለ መስመር ከገጠሙ፣ ከሥራቸውም ክንፍ ካገኙ መልሱን ልጆቹ ራሳቸው ይነግሩዎታል።

የአዘዞ መምህርት

ዛሬ ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን አነሣነው። ስፒሉን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ መነጽሩን ደግሞ ጉንዳን ናት ብላ አጥብቃ ስትከራከር የነበረችው ልጅ ያዘች። ሽፋኑ እንደ ጥፍር ቁራጭ ተነሣ፤ ከሥሩ እንደ ሽንኩርት ልባጭ የሳሳ ክንፍ ብዙ ጊዜ ታጥፎ ተጠቅጥቆ ነበር። ቀስ እያልሁ ስዘረጋው ርዝመቱ ከሽፋኑ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ልጅቷ መነጽሩን ሳታወርድ «በሩ ይኸው» አለችና መሐል ላይ ያለውን ቀጥ ያለ መስመር ለጓደኞቿ አሳየቻቸው። ከዚያም የክብሪት ቀፎውን ራሷ አንሥታ ከጥንዚዛዎቹ ጋር አስቀመጠችው፤ በላዩም «በእጅ አይነካም» ብላ በቀይ ጻፈችበት።